«ተቀበል» የወጣበት ዘፈን

ትናንት ከሰዓት በኋላ ከልጄ ከትዕግሥት ጋር መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሰይድ ሱቅ ገባን። ሰይድ ስልክ ይጠግናል፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን ይጭናል፤ እዚሁ መካነ ሰላም ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረ ሰው ነው። የባለማሲንቆውን የይመርን ዘፈን እንደምፈልግ ስነግረው ከመደርደሪያው ሥር አንድ የድሮ ካሴት አወጣ። ክሩ አልቆ ቀፎው ብቻ ቀርቷል። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ የሞቀ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ መጣ፣ እኔም ቆሜ ሳለሁ ወደ ታላቅ እህቴ ሠርግ ሄድኩ።

ቤታችን ከአቀስታ መንገድ ወጣ ብሎ፣ ነፋሱ ከሰው ቀድሞ ከሚገባበት ጉብታ ላይ ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል በለበሰው ዳስ ውስጥ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ ይመር ምሰሶውን ተደግፎ ማሲንቆውን ይቃኛል፣ አጎቴ ደግሞ ከደሴ ያመጣውን ቴፕ ሊቀዳበት የእህል ጆንያ ላይ አስቀምጦ ማንም እንዳይስል ያስጠነቅቃል፤ በዚያ ብርድ የማይስል ሰው ከየት ያመጣ እንደሆነ አላውቅም። በእኛ አገር ማሲንቆ የሚመታው ሰው ብቻውን አይዘፍንም። ከተቀመጠው ሰው አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ይህ በእኛ ሰፈር የወንዶች ነገር ነበር። እናቴ ግን እጇ እስከ አንጓዋ ድረስ በርበሬ እንደነካው ከጓዳ ወጥታ ዳሱ አፍ ላይ ቆመች።

«ተቀበል!» አለች።

አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ። ይመር ማሲንቆውን ገታ አድርጎ፣ «አቤት እመቤቴ!» አለ።

«ልጄን ሰጠሁና ለወግዲ ሰው ልጅ፣
ቤቴ ባዶ ቀረ ልቤ አይደለም እንጅ።»

ይመር ሦስት ጊዜ ተቀበላት። ሴቶቹ በእልልታ ዳሱን አናወጡት። አባቴ ጋቢውን ከፊቱ አውርዶ፣ «ይኼን ሁሉ ዘመን የት ደብቀሽው ነው አንቺ?» አላት፤ እሷ ግን መልሳ ወደ ጓዳ ገብታ ነበር። ይመር ያንን ቅጂ ከአጎቴ ተቀብሎ ደሴ ለሚገኝ ካሴት ቤት ሰጠው፣ ተባዝቶም እስከ ኩታበር ድረስ ተሰማ። ገበያ ስትሄድ ጨው ሻጮቹ «ተቀበል መጣች!» ይሏታል። ታፍራለች፤ ግን በእነሱ በኩል ማለፏን አልተወችም።

ትዕግሥት አያቷን አታውቃትም፣ እናቴ የሞተችው እሷን አርግዤ ሳለሁ ነው። ልጄ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ታገባለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ዓለም ላይ የእናቴ ድምፅ ያለው በዚያ አንድ ዘፈን ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ከቤቴ ሳትወጣ አንድ ጊዜ እንድትሰማው ፈለግሁ። ይመርም አርፏል። አሁን የእሱን ዘፈኖች የሚሸጡት «ምርጥ» እያሉ ነው፤ ሰይድ ዘንድ ሦስት ዓይነት ምርጥ አለ፣ እኛም አንዱን ልንመርጥ ነው የመጣነው።

የመጀመሪያውን ከፈተልን። ማሲንቆው ሥር ኪቦርድና ከበሮ አስገብተውበታል፤ ግጥሙ መጣ፣ ይመር ብቻውን ይዘፍነዋል፣ የእናቴ ድምፅ የለም። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ማሲንቆው አለ፣ ይመር አለ፣ እሷ የለችም።

«ይኼ የጸዳ ነው» አለ ሰይድ ደስ ብሎት። «የድሮው ላይ በየመሀሉ ሰው እየገባ ይረብሽ ነበር። ጫጫታውን አውጥተውታል።»

ጫጫታ ያለው እናቴን ነው።

ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሰው ነኝ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ አፌን እጠብቃለሁ። ትናንት ግን ጮህኩ። ማን መረጠው? ከሰጪ ነጥቆ ለተቀባይ ብቻ መተው ምርጥ የሚባለው በየትኛው አገር ነው? ግጥሙን በይመር አፍ ትተውት፣ የተናገረችውን ሴት እንደ ገለባ አበጠሯት። ያንን ያደረገው ሰው አንድ ቀን እንኳ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም፤ ቢቀመጥ ኖሮ «ተቀበል» የዘፈኑ በር መሆኑን ያውቅ ነበር። መንገድ ላይ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ።

«አብሽሪ እህት ዓለም» አለኝ ሰይድ፤ «እኔ ሸጥኩ እንጂ አልቆረጥኩ፣ ወላሂ! ግን ዋናው ካሴት እናንተ ቤት አልነበረም እንዴ?»

ነበር። ንዴቴ መሄጃ አጥቶ ወደ ራሴ ዞረ። እናቴ በሞተች በዓመቱ፣ በፍልሰታ ጾም፣ የነፍስ አባቴ መዝሙር ሰምቼ እንድጽናና ነገሩኝ። ባዶ ካሴት አልነበረኝም። በእናቴ ካሴት አናት ላይ፣ እንዳይቀዳበት ተብለው የተሰበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ደፍኜ መዝሙር ቀዳሁበት። ዘፈን ነው፣ ገበያውም ሞልቶታል፣ ሌላ ቀን እገዛዋለሁ ብዬ ነበር። ኋላ ቄሱ ሲሰሙ፣ «መዝሙር ቅጂ አልኩሽ እንጂ እናትሽን አጥፊ መች አልኩሽ!» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲህ ያልጠየቅሁበት ቤት የለም። ወግዲ እህቴ ዘንድ የነበረው እንኳ ክሩ ተመዞ የማሽላ ወፍ ማባረሪያ ሆኗል።

ሰይድ ሦስተኛውን ከፈተ። ይህን የቆረጠው ሰው ችኩል ነበር መሰለኝ። ማሲንቆው ገታ አለ፤ ከዚያ «አቤት እመቤቴ!» አለ ይመር፣ ማንም ሳይጠራው። ቀጥሎ አንድ ግጥም የሚያህል ዝምታ፣ ከዚያ ዘፈኑ።

«ማንን ነው አቤት የሚለው?» አለች ትዕግሥት።

«ይኼን ጫንልኝ» አልኩት ሰይድን። «ከመጫንህ በፊት ግን አንዴ መልሰው።»

መለሰው። ይመር አቤት ሲል፣ በሕይወቴ ለአንድም ባለማሲንቆ ግጥም ሰጥቼ የማላውቀው ሴት፣ ሁለቱን መስመር በዝምታው ውስጥ አልኳቸው። ቃሉ አንድም አልጎደለም። ይመርም ተቀበለኝ። ትዕግሥት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ትመለከተኝ ነበር።

«አያቴ እንዲህ ነበር የምትለው፣ እማዬ?» አለችኝ።

የእናቴን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ይውረድ ይውጣ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የራሴ ድምፅ ብቻ ነበር።

«አይደለም» አልኳት።