የለይኩን ሃያ ስምንት ሺህ ቶን

ለይኩን ባሕር አይቶ አያውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የንድፍ ክፍል ተቀምጦ የውኃ ማጠራቀሚያ ሲነድፍ ኖረ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከዛፉ መሀል ጣሪያቸው ብቻ ብቅ የሚለው ክብ የኮንክሪት ጋኖች ግማሾቹ የእጁ ሥራ ናቸው። በእርሳስ ይሠራል፣ በዝግታ ይሠራል፤ ሲሳሳት ይፍቃል እንጂ ወረቀት አይቀይርም። ስለ ሥራው ለጠየቀው ሰው የሚመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ውኃ አይዋሽም። አንድ ሜትር ኩብ፣ አንድ ቶን።»

መርከቧ ቤቱ የገባችው በ1989 ዓ.ም. እርድ ተጠቅልሎባት ነው። የሾላ ገበያው ቅመም ሻጭ ጀይላን በኪሎ ከገዛው አሮጌ ወረቀት መሀል አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እየገነጠለ ይጠቀልል ነበር። ለይኩን ማታ እርዱን ሲፈታ፣ ወረቀቱ ላይ ከራስ እስከ ጅራቷ የተሰነጠቀች የጦር መርከብ አየ፤ ምድጃዋ፣ የጭስ መውጫዋ፣ የመድፍ ማማዋ ሁሉ በቀጭን መስመር ተነድፏል። በማግስቱ ሱቁ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«የቀረውን ስጠኝ» አለው ጀይላንን።

«ፊቱ የለም እኮ። አርባ ገጽ በአብሽና በጥቁር አዝሙድ ሄዷል።»

«ግድ የለም።»

«ከማን ጋር ልትዋጋ ነው ደግሞ?»

«ከማንም።»

እውነቱን ነው፤ መርከቧ የማንም አገር አልነበረችም፣ ጠላትም አልነበራት። መጽሐፉ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት የታተመ ነበርና፣ እዚያ ውስጥ መርከብ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጎኑ ወፍሮ የሚያዘግም፣ ወይም ፈጥኖ ጎኑ የሚሳሳ። ለይኩን ሁለቱን ያጣመረች አንዲት መርከብ በዚያው ዘመን ብረትና ከሰል ልትሠራ ትችል ነበር ብሎ አሰበ፤ ሊነድፋትም ተነሣ። ስምንት ትላልቅ መድፎች፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የጎን ብረት፣ ሃያ ስምንት ኖት ፍጥነት፤ በእኛ አቆጣጠር በሰዓት ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሜትር።

«የመገናኛ ሚኒባስ እንኳ ይህን አይሮጥም» አለ ጀይላን።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የመርከቧን አካል እንደ ዳቦ ሃያ አንድ ቦታ ይቆርጣል፤ የየቁራጩን ቅርጽ ካርቶን ላይ አውጥቶ በመቀስ ይቆርጠዋል። ካርቶኖቹን በፌስታል ይዞ ሾላ ይወርዳል። ጀይላን ለቅርንፉድና ለሄል በሚጠቀምበት ትንሽ የነሐስ ሚዛን አንድ በአንድ ይመዝንለታል፤ ገዢ ሲመጣ ገዢው ይቆማል። ከካርቶኑ ክብደት ስፋቱ ይገኛል፣ ከስፋቱ ይዘቱ፣ ከይዘቱ መርከቧ ገፍታ የምታስወጣው ውኃ። ሃያ ስምንት ሺህ ሜትር ኩብ ወጣ። እንግዲህ ሃያ ስምንት ሺህ ቶን ማለት ነው፤ ብረቱም፣ ከሰሉም፣ መድፉም፣ ሰዉም ከዚያ ማለፍ የለበትም።

አለፈ። ስድስት መቶ ስልሳ ቶን አለፈ። መርከቧን ቢያሰፋት ፍጥነቷ ይወርዳል፤ ፍጥነቷን ለመመለስ ምድጃ ቢጨምር ምድጃው ራሱ ይከብዳል። ስድስት ዓመት እንደ ውሻ ጅራቱን ሲያሳድድ ቆይቶ፣ በ1995 ክረምት፣ የእንጦጦ ጉም ደጁ ድረስ ወርዶ በተኛበት በአንድ ጠዋት፣ የጎኑን ብረት ከሠላሳ ወደ ሃያ ሦስት ቀነሰው። ክብደቱ ልክ መጣ። ለይኩን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ንድፉን ሲያይ ዓይኑን ይሰብራል። በውስጧ ሺህ አንድ መቶ ሰው አለ፤ ነጠላ አልብሶ በሐምሌ ዝናብ ያሰማራቸው ያህል ተሰማው።

ሚስቱ ሸዋረጋ መርከቧን የምትጠራት «ጣውንቴ» እያለች ነው። ንድፉ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሳሎኑን ዋና ግድግዳ ይዟል፤ ለዚያ ግድግዳ የተሠራው ቡፌ ኮሪደር ላይ ቆሞ መንገድ ይዘጋል። ልብስ ስትተኩስ በለሆሳስ ታዜማለች፦

የኔማ ወዳጅ ልቡ ተሰዶ፣
ብረት ያዝላል ወረቀት ወዶ።

«ለማን ነው የምትዘፍኚው?» ይላታል።

«ለቡፌው።»

በመጨረሻ ተዋዋሉ። የሚያውቅ ሰው መጥቶ ይያት። መርከብ አይደለችም ካለ፣ ለይኩን በዚያው ቀን ሊያወርዳት፣ ዳግመኛም ላይነካት። ናት ካለ ሸዋረጋ ስለ ግድግዳው ላታነሣ።

የሚያውቀው ሰው ሻምበል ኃይለጊዮርጊስ ናቸው፤ በቀድሞው ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል መኮንን ነበሩ። አሁን መሪ በሚባለው ሰፈር የውኃ ፓምፕ ይጠግናሉ። ስለ ባሕር ሲጠየቁ ወሬ የሚቀይሩ ሰው ናቸው። ለይኩን ሦስት ጊዜ ለምኗቸው፣ በ1996 የካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ።

መነጽራቸውን አድርገው ከመርከቧ ኋላ ጀመሩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከግድግዳው ጋር እየተራመዱ፣ ለይኩን ስሌቱን የያዘበትን ደብተር አገላበጡ። ሸዋረጋ ሻይ አመጣች፤ ሻዩ ቀዘቀዘ። ለይኩን እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል።

«ይህች መርከብ የምትንሳፈፈው የት ነው?» አሉ ሻምበል።

«ባሕር ላይ ነዋ።»

«አይደለም። አንተ በምትነድፈው ጋን ውስጥ ነው።»

ለይኩን አልገባውም።

«ውኃህን አንድ ሜትር ኩብ አንድ ቶን ብለህ ይዘኸዋል። እሱ የቧንቧ ውኃ ነው፣ ለይኩን። የባሕር ውኃ ጨው አለበት፤ ይከብዳል። አንዱ ሜትር ኩብ አንድ ሺህ ሃያ አምስት ኪሎ ነው። መጽሐፉ ይህን አልነገረህም?»

ነግሮት ሊሆን ይችላል፤ ከጠፉት አርባ ገጾች በአንዱ። ለይኩን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት በአንድ ቁጥር ላይ ቆሟል፤ ቁጥሩ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲምልበት የኖረው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

ሸዋረጋ ይህን አየች። የሳሎኑ በር ክፍት ሆኖ ቡፌው ከኮሪደሩ ይታያታል፤ እሷ ግን ወደዚያ አልዞረችም።

«ትሰምጣለች ማለት ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«የምን መስመጥ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ። ጨው ውኃ ይሸከማል። እሱ ካሰበው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብላ ነው የምትቆመው። እንዲህ እንዳለች ከተተወች የጎኗ ብረት ከውኃው በላይ ይወጣና ሆዷ ይጋለጣል፤ ስህተቱ ይሄ ነው። ሌላውን አይቻለሁ። መርከብ ናት።»

ለይኩን የሰማው «ይሸከማል» የሚለውን ብቻ ነው። እርሳሱን ከጆሮው ሥር አውጥቶ በደብተሩ ጠርዝ አባዛ፤ ሃያ ስምንት ሺህን በአንድ ነጥብ ዜሮ ሃያ አምስት። ደገመው።

«ሻምበል፣ ያሰብኩት ድረስ እንድትጠልቅ ብጭናትስ? ሰባት መቶ ቶን ይተርፈኛል ማለት ነው?»

«ይተርፍሃል።»

ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ሃያ ሦስት የሚለውን ፍቆ ሠላሳ ጻፈ። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ከመፋቅ ብዛት ሳስቶ ነበርና እርሳሱን በጣም አቅልሎ ያዘው።

«አርባ ቶን ቀረህ» አሉ ሻምበል ከኋላው። «ከሰል ጨምርበት።»

«ከሰል አላት» አለች ሸዋረጋ። «ሺህ አንድ መቶ ሰው ነው ያልከኝ፣ ለይኩን?»

«አዎ።»

«ታዲያ በዚህች ማድ ቤት ነው የሚበሉት?» ቦታውን ሳትፈልግ፣ ሳትንጠራራ፣ ጣቷን ከሁለተኛው የጭስ መውጫ ሥር ካለች ጠባብ ሳጥን ላይ አሳረፈች። «ለሠርግ እንኳ ድንኳን ይጣላል። ምሳቸው ለእራት ይደርሳል እንጂ።»

ሻምበል መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ከዚያ ወንበር ስበው ቀዝቃዛውን ሻይ አነሡ።

«እኛም ጋ ማድ ቤቱ ጠባብ ነበር» አሉ። «ምጽዋ ውስጥ፣ በግንቦት፣ ወጥ ሠሪው ራቁቱን ነበር የሚሠራው።»

ለይኩን ላጲሱን ለሸዋረጋ ዘረጋላት።

«የት ድረስ ላስፋው?»