ፑንቲናዋ የወጣላት መኪና

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ መጻፍ የሚያምርብኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ አሁንም ረጅም ቃል ሲያጋጥመኝ እጄ ይፈራል። ባጎድል ወይም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ብል እለፉኝ። የምጽፈውም ስለ ትልቅ ሰው አይደለም፤ ከአጥሬ ማዶ ስለሚኖር አንድ መካኒክ ነው። ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን እሱ ራሱ በዚያ ቁጥብ አፉ ነግሮኛል። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ አልልም።

ሰውየውን ሰፈሩ ጆሮው ይለዋል። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም። የመኪና ሕመም በድምፅ ስለሚለይ ነው። ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ይጨፍናል። ቆይቶ «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» ይላል። ሲፈታ ሦስተኛው ሆኖ ይገኛል። ሌላ ወሬ ከሱ አይጠበቅም።

ሚስቱ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗታል። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ወንበር ሲያቀርብ ነበር። «ይኼ ሰው ልቡ ከምንድነው?» ብለው ያሙትም ነበሩ። እሱ ግን ጨክኖ አይደለም። ምንም ስላልተሰማው ነው። ተኝታችሁበት ስትነሱ እጃችሁ ደንዝዞ የሰው እጅ የሚመስላችሁ ጊዜ የለም? መላ አካሉ እንደዚያ ሆኖበት ከረመ። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይተኛል። የሞተር ድምፅ እንኳ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ሆነበት። ይሰማዋል፣ ያውቀዋል፣ ግን የሱ አይደለም።

ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጌ መኪና አለች። ድሮ ሰማያዊ ነበረች፤ አሁን ብዙ ጊዜ የታጠበ ሸሚዝ መስላለች። የሚስቱ መኪና ናት። እሱ ሠሪ እንጂ ነጂ ሆኖ አያውቅም። ይቺ መኪና አንድ አመል አላት፤ ፑንቲናዋ ተበልቶ ቶሎ ያልቃል። ፑንቲና ማለት ለማያውቀው፣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ክብ ክዳን ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ የብረት ከንፈሮች ናቸው። ሲገጥሙና ሲላቀቁ ነዳጁን ለሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች እሳት ይሄድላቸዋል። ከንፈሮቹ ከተቃጠሉ ወይም ክፍተታቸው ከተዛባ መኪናዋ ታስላለች፣ ትንተባተባለች፣ መንገድ መሃል ቀጥ ትላለች።

ስለዚህ ሚስቱ በሕይወት ሳለች በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ጆሮው በብርጭቆ ወረቀት ያሻቸዋል፣ ክፍተታቸውን በስስ የብረት መለኪያ ይለካል፣ ሚስቱ መሪው ጋ ትቀመጣለች። «በይ» ሲላት ታስነሳለች። «ተይ» ሲላት ታጠፋለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሌላው ባልና ሚስት ብዙ ያወራል። እነሱ «በይ» እና «ተይ» ተባብለው ኖሩ፤ ተጣልተውም አያውቁም።

አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ነርስ ናት። በዚያ ሰሞን የግማሽ ቀን መንገድ ከሚያስኬድ ቦታ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ሥራ አገኘች። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ሥራ ነው። መንደር ለመንደር መዞር ስላለበት የራሷ መኪና ያላት ትሁን ተብሏል። ሰኞ ጠዋት ቦታው ላይ መገኘት አለባት። የእናቷን መኪና ልትወስድ አሰበች። እንቅፋቱ ፑንቲናው ብቻ ነው።

«አባዬ፣ እዚያ በረሃ ላይ ቀጥ ብትልብኝ ማን ያሻልኛል? አንተን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ አልሄድ።»

«አሳይሻለሁ።»

«ስንቴ አሳየኸኝ። እኔ የሰው ደም ሥር በጨለማ አገኛለሁ፤ ያቺን ክፍተት ግን አልሆነልኝም። ፑንቲናውን አውጥተው ኤሌክትሮኒክ የሚያስገቡ አሉ አሉ። አንዴ ከገባ የሚነካው የለም። እሱን አስገባልኝ።»

መፍቻውን በጨርቅ ጠረገ።

«እንግዲህ ስማኝ» አለችው፣ «መኪናዋ ያለ አንተ የምትሄድ ከሆነ እሄዳለሁ። የማትሄድ ከሆነ ደውዬ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ፤ እዚሁ ካንተ ጋር እቀመጣለሁ። ነገሩ ይኼው ነው።»

«እሺ።»

«እሺ ምኑን? መሄዱን ነው መቅረቱን?»

«አስገባልሻለሁ።»

ይህን ሲል ደስ ብሎት አይደለም፤ ከፍቶትም አይደለም። ጎማ ንፋልኝ ቢሉት እንደሚለው ነው ያለው።

ዓርብ ጠዋት መለዋወጫ ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቁ የመነጽሩ አንድ ክንድ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የጠመጠመው ሰው ነው። ነገር ይወዳል።

«ጋሼ ጆሮው፣ አንተ ነህ ኤሌክትሮኒክ የምትገዛው? ዓለም ልታልፍ ነው እንዴ?»

«ስጠኝ።»

«ይኼ እኮ ጆሮ አይፈልግም። ሥራ ሊያስፈታህ ነው፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ። መመሪያውን ላንብብልህ?»

«ሽቦው ስንት ነው?»

«ሁለት። ቀይና ጥቁር።»

«ለሁለት ሽቦ ምን ንባብ አለው።»

«ኧረ ቆይ፣ እዚህ ታች በትልቁ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ…»

ጆሮው ካርቶኑን በብብቱ ይዞ የሱቁን ደፍ አልፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኮፈኑን ከፈተ። ልጁ የእናቷ ቦታ ላይ፣ መሪው ጋ ተቀመጠች። እሱ ክዳኑን አነሳ፣ ፑንቲናውን ፈታ፣ አጠገቡ ያለችውን ትንሿን ኮንደንሰር ፈታ፣ ሁለቱንም ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። በቦታቸው የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሣጥን አሠረ። መሃል ያለው ዘንግ ላይ ማግኔት ያለበት ቀለበት አጠለቀ። ቀዩን ሽቦ እሳቱን ከሚያመነጨው ቦቢና አንድ ወገን፣ ጥቁሩን ከሌላው ወገን አገናኘ። እጁ ሁልጊዜም ከሱ የተሻለ ያውቃል።

ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ስንተኛ ቀዶ ጥገናዋ ነው? እኔ ለዚህ ጉልበቴ አንድ ሐኪም አጣሁ።»

ልጅቷ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «ባለፈው መድኃኒት ስሰጥሽ ለድመትሽ ነው ወይ የሰጠሽው?»

«ድመቴማ ዳነች» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሳትስቅ።

ጆሮው አልሳቀም። ቁልፉን አስከፍቶ ዘንጉን በእጁ ሲያወዛውዝ አንድ የተሰነጠቀ ገመድ ነካና እሳቱ እስከ ክርኑ ወጣበት። ክንዱ ብድግ ሲል ልጁ አየች።

«አባዬ፣ ምነው?»

«ነዘረኝ» አለ፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። «እሳቱ ከድሮው ይበረታል።» ገመዱን ለወጠና ወደ ኋላ ቆመ። «በይ።»

በመጀመሪያው ዙር ተነሳች። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አድርጎ ጆሮውን ሰጠ። ማሳል የለ፣ መንተባተብ የለ። ልስልስ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ ነው። የሚያስተካክለው ነገር ፈለገ። እዚህም እዚያም ሞከረ። አጣ።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ።»

«ነገ ልሄድ ነዋ።»

«ነገ ትሄጃለሽ።»

ፊቱን አየችው። ሰባት ወር ሙሉ ያንን ፊት ስታይ ነው የከረመችው።

የድሮ መካኒክ አንድ ልማድ አለው። ሥራውን ሲጨርስ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ይነቅላል። መኪናዋ መሥራቷን ከቀጠለች ዲናሞው ቻርጅ ያደርጋል ማለት ነው፤ ከጠፋች አያደርግም። ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። ጆሮው ይህን ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያደርገው ኖሯል፤ ሌላው ሰው ከሥራ በኋላ እጁን በጨርቅ እንደሚጠርገው። ያን ቀንም እጁ ሄደ። ገመዱን አላላና ነቀለ።

ሞተሩ አንዴ ወደ ላይ ጮኸ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ለምን አጠፋሻት?»

«አላጠፋኋትም» አለች ልጁ፣ እጇን ከቁልፉ አንስታ እያሳየችው።

ገመዱን መለሰ። «በይ።» ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። «በይ።» ይዞራል፣ አይነሳም። አንድ ካንዴላ ፈትቶ ብረት ላይ አስተኝቶ አየ፤ እሳት የለም። ወደ ጥቁሯ ሣጥን ጎንበስ ሲል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። ያኔ ገባው። ፑንቲና ብረት ነው፣ ይችላል። ይቺ ግን ውስጧ ከፀጉር የቀጠነ ነገር ነው። ገመዱ ሲነቀል ዲናሞው የሚያመነጨው ሁሉ መሄጃ አጥቶ በአንድ ጊዜ እሷ ላይ ወረደ።

ልጁ ከመኪናዋ ወርዳ ከካርቶኑ ውስጥ መመሪያውን አወጣች። ድምፅዋን ሳታነሳ እየተረጎመች አነበበችለት። «ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ የባትሪው ገመድ ፈጽሞ አይነቀል።» ወረቀቱን አጠፈች። ልብስ ሰፊዋ ነገሩ እንዳላማረ አይታ ክፍሏ ገባች።

«ሆን ብለህ ነው አባዬ?»

ጆሮው አሰበ። ዝም ብሎ «አይደለም» የሚል ሰው አልነበረም። ራሱን ፈተሸ፣ ሞተር እንደሚፈትሸው። ምንም የሚሰማ ነገር አላገኘም።

«አላውቅም» አላት።

«እንዴት አላውቅም ይባላል? አንድ ቃል እኮ ነው። ልጄ አትሂጂብኝ በለኝ፣ እቀራለሁ። ቅር ሳይለኝ።»

«ሂጂ ነው የምልሽ።»

«ታዲያ ፊትህ ለምን ምንም አይልም?»

«እኔም ፊቴ ምን እንደሚል አላውቅም።» በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። «አይሰማኝም ልጄ። እናትሽ ከሄደች ወዲህ ምንም አይሰማኝም። ብትሄጂም አይሰማኝም፣ ብትቀሪም አይሰማኝም። ስለዚህ ለኔ ብለሽ አትቅሪ። ብትቀሪ ማንም አይጠቀምም።»

ልጅቷ የኋላ ጎማው አጠገብ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ሁለት ትንንሽ ጠጠሮች አንስታ እርስ በርሳቸው አፋጨቻቸው።

«ፑንቲናውን መልሼ ላሥርልሽ?»

«በፑንቲና አልሄድም። ነግሬሃለሁ። ነገ እስከ አራት ሰዓት እጠብቃለሁ። ካልሆነ ደውዬ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ።» ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። «ደግሞ እጅህን ታጠብ፣ እራት ላቀርብ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ጆሮው ሱቁ ደጃፍ ሲደርስ መዝጊያው ገና አልተከፈተም። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ባለ ሱቁ ቁልፎቹን እያንሿሿ መጣ።

«ጋሼ ጆሮው፣ ገና መኪኖቹም እኮ አልነቁም።»

«እንደ ትናንቱ ሌላ አለህ?»

ባለ ሱቁ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ እንደያዘ ዞሮ አየው። «ነቀልከው፣ አይደል?»

«ነቀልኩት።»

«የባትሪውን ገመድ።»

«አዎ።»

«በዚህ ዓመት ካንተ እኩዮች አራተኛው ነህ። ላነብልህ ስል ጀርባህን ሰጠኸኝ።»

«አሁን አንብብልኝ።»

ባለ ሱቁ ሊያሾፍ አፉን ከፈተና ተወው። ሱቁን ከፍቶ ከመስታወቱ ሣጥን ውስጥ የቀረችውን አንድ ካርቶን አወጣ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ከፊት እስከ ጀርባ አነበበ። ጆሮው ቆሞ ሰማ። አንድ ቦታ ላይ «ድገመው» አለ። ባለ ሱቁ ደገመው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አዲሱን አሠረ። ልጁ የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ኋላ ወንበር ላይ ጭና መሪው ጋ ተቀምጣለች። «በይ» አላት። ተነሳች። ያው ልስልስ ያለ ድምፅ ነው። ካቻቢቴውን አላነሳም። ኮፈኑን ወዲያው ዘጋ፤ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨነቀው፤ የቱታው ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

ወርዳ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። እሱ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አባዬ፣ አሁንም ምንም?»

«ምንም» አላት። «ነዳጅ ስትቀጂ ጎማውን አስለኪ። የግራው የፊቱ አየር ያመልጠዋል።»

«እሺ።»

«ቁልቁለት ላይ በማርሽ ውረጂ፣ ፍሬን ላይ አትተኚ።»

«እሺ አባዬ።»

መኪናዋ ከግቢው ወጣች። ድምፅዋን እስከ መታጠፊያው ሰማ። ከመታጠፊያው ወዲያም ሰማ፣ ከሌላው መኪና ድምፅ ጋር እስክትቀላቀል። አልተንተባተበችም። ከዚያ የግቢውን በር ሁለቱንም ወገን ገፍቶ ዘጋ። መኪናዋ ቆማበት በነበረው መሬት ላይ ዘይት ተንጠባጥቦ ነበር። አመድ በተነበት፣ እስኪመጥ ቆመ፣ ጠረገው፤ የመፍቻ ሣጥኑን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ።