ሱሪዬ ሳይደርቅ የጻፍኩት

ሚስቴ እንኳ ሳታውቀው የኖረ ነገር ነው፤ እናንተ ስሙኝና ፍረዱኝ። የዚያን ቀን የበቅሎዬን ኮርቻ ሳላጠብቅ ከቤት ወጣሁ። ሌላውን ስመክር የኖርኩ ጡረተኛ መምህር!

ዘመኑ «ልማት» የሚለው ቃል ከአፋችን የማይወርድበት ነበር። ከመካነ ሰላም በታች ካለው ወንዝ የጭነት መኪኖች አሸዋና ጠጠሩን ይዝቃሉ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አጥኚ ጉዳቱን ሊያጠና ፈልጎ፣ ባለ እርሻዎቹን እየጠየቅሁ ቅጽ እንድሞላ ቀጠረኝ። የሃያ ገበሬና የአንድ አሸዋ ደላላ ቃል ጻፍኩ። ፋጡማ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት የሽንኩርት መደቧ ጠርዝ ላይ አቁማኝ፣ «መምህር፣ ወላሂ ወንዙን አልከስም። መሬቴን የሚያስበሉኝ ከሥር የሚቆፍሩት ናቸው። እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ» አለችኝ። ጻፍኩ።

ስመለስ በቅሎዬ ወንዙ መሀል አሸዋ ቆፋሪዎች በተዉት ጉድጓድ ገባች። ኮርቻው ዞረ፤ እኔም ከነቦርሳዬ እስከ አንገቴ ገባሁ። ቅጾቹ ሊጥ ሆኑ። ኮፍያዬ ውስጥ ያጠፍኳት አንዲት ቅጽ ብቻ ተረፈች። የማን? የአሸዋ ደላላው! «ጉዳት የለም፤ ጉድጓድ የለም፤ ሕዝቡ ተጠቅሟል» ትላለች።

ተመልሼ መጠየቅ አቅቶኝ ነው? የግማሽ ቀን ሥራ እኮ ነው። ለአጥኚው እውነቱን ብነግረው ይገድለኝ ነበር? ይስቅብኝ ነበር እንጂ። በአገሩ ሰው ሁሉ ስዘብት የኖርኩ እኔ፣ ተራዬ ሲደርስ ፈራሁ። ቤቴ ትርፍ ቅጽ ነበረኝና ቁጭ ብዬ የደላላውን ቃል በሃያ ሰው አፍ ከተትኩ። ጉድጓድ የለም ብዬ ጻፍኩ፤ ጉድጓዱ ያረጠበው ሱሪዬ ገና እየተንጠባጠበ። በፋጡማም ስም ጻፍኩ። እኔው ነኝ የጻፍኩት።

ፋጡማ አቤት ስትል የቀበሌው ሹም፣ ጥናቱ ጉዳት የለም ይላል፣ ልማት አታደናቅፊ ብሎ መለሳት። በክረምቱ መደቧ ተገምሶ ወረደ። ስንት ዓመት መኪናውን፣ ደላላውን፣ ሹሙን ስረግም ኖርኩ! ይረገሙ። ግን ማስረጃውን ማን አስያዛቸው? ያ ያማረ የመምህር ጽሕፈት የማን ነው?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም።

አንድ የገበያ ቀን ፋጡማን አገኘኋት። ሽንኩርት ሻጯ ሽንኩርት ትገዛለች። «መምህር፣ እኔ ማንበብ አልችል። ያኔ የነገርኩዎትን ሹሙ ደብቆብኝ ነው እንጂ እርስዎስ ጽፈውታል። አንድ ቀን ያነቡልኛል» አለችኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩ፤ የራሴን ጥፋት በፈጣሪ ፈቃድ አሳብቤ። የአንድ ገጽ ንባብ ዕዳዋ እስከ ዛሬ አለብኝ።