የአዳራሹ ድምፅ በታክሲዬ ሬዲዮ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሜልበርን ውስጥ ታክሲ ስነዳ፣ ሴንት አልባንስ ሰፈር ባለው የጴንጤዎች አዳራሽ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የመኪናዬ መገናኛ ሬዲዮ ስብከታቸውን በአማርኛ ይለቅብኝ ነበር። ኦርቶዶክስ መሆኔን አውቀው፣ ሆን ብለው እንደሚልኩብኝ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ላስጠግን የሄድኩበት ሐበሻም ከእነሱው ወገን ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ፣ የኛ ገመድ አልባ ማይክ ሞገድ እየገባብዎት ነው» አለና ሬዲዮውን ፈቶ ሰርኪዩት ቦርዱ ላይ ሞገዱን የምታግድ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር በየደ። ዓይኔን ከእጁ ላይ አልነቀልኩም። ሌላ ነገር ቢቀብርበትስ?

በሚቀጥለው እሑድ፣ ስብከቱ በተጋጋለበት ሰዓት፣ በአዳራሹ በር አለፍኩ። ሬዲዮው ጭጭ አለ። ዞሬ ተመለስኩ፤ አሁንም ጭጭ።

መኪናዬን ጥግ አስይዤ አዳራሹን አፍጥጬ አየሁት። ቆይ፣ እኔ እንዳልሰማ ያደረጉት ምን ሊሉ ቢሆን ነው?