የሆሴዕ ድምፅ የጠፋባቸው ቀናት

ሰሎሜ ሺንሺቾ ከተማ ውስጥ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት። ባሏ ሆሴዕ እንደ ብዙዎቹ የሰፈሩ ወንዶች በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ጥቅምት ላይ ተነሳ። መጨረሻ የደወለው ከኬንያ ነው። "ነገ ድንበር እንሻገራለን፤ አይዞሽ" አላት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። አንዱ "መኪናቸው ተገልብጧል" ሲል ሌላው "ጫካ ተጥለዋል" ይላል። አማቷ ወይዘሮ ማራኪ መሬት ላይ ተቀምጠው እህል አልቀምስ አሉ።

አንድ ቀን ሰሎሜ ማባዛት እያስተማረች፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ ሆኖ፣ ሰሌዳው ላይ ስድስት ጊዜ ሰባት አርባ ስምንት ብላ ጻፈች። ከሰዓት በኋላ ደብተር ስታርም ሃምሳ ሦስቱም ልጆች አርባ ስምንት ብለው ገልብጠዋል። አንድም የጠረጠራት የለም። ደነገጠች። "እሱን እዚህ ሆኜ ላድነው አልችልም፤ እነዚህን ግን እያጠፋኋቸው ነው" አለች ለራሷ።

በማግስቱ መጀመሪያ ስህተቷን ለልጆቹ ነግራ አረመች። ስልኳን ለርዕሰ መምህሩ ለአቶ ወንዳፈረው ሰጥታ፣ "የውጭ ቁጥር ከደወለ ብቻ ይጥሩኝ" አለቻቸው። ወሬ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መልሷ አንድ ሆነ፦ "በዓይኑ ያየው ማነው? ስልክ ቁጥሩን ስጡኝና ደውዬ ልጠይቀው።" ማንም ቁጥር የሰጣት የለም።

አማቷንም፣ "እማዬ፣ ልጅዎ ሞተ ብሎ ያረዳዎት ሰው አለ?" አለቻቸው።

"የለም።"

"እንግዲያው ልቅሶ አንቀመጥም። ይነሱ፣ ቆጮው ሳይቀዘቅዝ እንብላ።"

አሮጊቷ እንባቸውን እየጠረጉ በሉ። ሰሎሜ ግን ፍርሃቱ ለቋት አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ታለቅስና፣ ቧንቧው ጋ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች።

የሆሴዕ ድምፅ ከጠፋ በአርባ ሦስተኛው ቀን አቶ ወንዳፈረው ስልኩን ይዘው እየሮጡ መጡ። ሆሴዕ ነበር፤ ታንዛኒያ ታስሯል።

"ሰሎሜ፣ አለሁ። ሊመልሱን ነው ይላሉ።"

"የትኛው ከተማ? ከማን ጋር ነህ?" የከተማውንና አብረውት የታሰሩትን የአራት የሰፈሩን ልጆች ስም መዳፏ ላይ ጻፈች። መስመሩ ሲቋረጥ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ብዙም ሳትቆይ ግን ተነስታ፣ ከአማቷ ጋር የአራቱን ቤት በር እያንኳኳች ልጆቻቸው በሕይወት መኖራቸውን አበሰረች።

ሆሴዕ ሚያዝያ ላይ ከስቶና እያነከሰ ገባ። መንገድ ላይ ስላየው ነገር እስካሁን ብዙ አያወራም። እሷም አትጎተጉተውም።