ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ባለቤቴ ካቻምና ነው ትላለች፣ እኔ ከዚያም ይቀድማል እላለሁ፤ በዚህ ነገር ተስማምተን አናውቅም። በጋ መሆኑን ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ከቤታችን ጀርባ ያለው የቡና መፈልፈያ ሥራ ላይ ነበርና። መፈልፈያው ሲነሳ ሰፈራችን በቾ ቦሬ ላይ የሚወርደውን አቧራ የኖረበት ያውቀዋል። ደቃቅ ነው፣ ቀላ ይላል፣ በርም መስኮትም አያግደውም። ያሰጣኸውን ልብስ ሳታራግፍ አትለብስም።

ኮምፒውተሩ የልጄ ነው። ሊሙ ውስጥ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከሥራዋ ጎን ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። እዚያ የተከራየችበት ቤት መብራቱ እየሄደ እየመጣ ስላስቸገራት ኮምፒውተሩን አምጥታ እኛ ሳሎን ጥግ ላይ አስቀመጠችው። ቅዳሜና እሁድ እየመጣች ትጽፋለች። እኔ ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ማታ ማታ ተምሬ አማርኛ ማንበብ ቻልኩ፣ እዚያው ላይ ቆምኩ። ስትጽፍ ግን ወንበር ስቤ አጠገቧ መቀመጥ እወድ ነበር። ጣቶቿ ሲሮጡ ፊደሉ መስታወቱ ላይ ተሰልፎ ይወጣል። ከየት ነው የሚመጣው? ስታጠፋውስ የት ይሄዳል?

«አባዬ፣ ሣጥኑ ውስጥ ነው የሚቀመጠው» ትለኛለች።

«ሣጥኑ ውስጥ ምን ላይ? ወረቀት የለ፣ ቀለም የለ።»

ትስቃለች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ያ ነገር ያስደንቀኝ ነበር፤ አሁንም ያስደንቀኛል።

እሷ ሳትኖር ጠባቂው እኔ ነኝ። አጠባበቄ እንግዲህ የማውቀው ዓይነት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት አጋሮ አቅራቢያ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲሆን፣ ሥራዬ የታጠበውን ቡና ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ ነበር። ለእኛ ለቡና ሰዎች መንከባከብ ማለት መሸፈን ነው። ፀሐይ ሲበረታ ትሸፍናለህ፣ ደመና ሲመጣ ትሸፍናለህ፣ ሲመሽ ጤዛ እንዳይነካው ትሸፍናለህ። ባለቤቴ ደግሞ ቴሌቪዥኑንም የሶፋውን መደገፊያም ዳንቴል ያለበሰች ሴት ናት። ለኮምፒውተሩም ለብቻው ነጭ ዳንቴል ሠራችለት፣ ጠርዙ ላይ ቢጫ አበባ ያለው፣ ሣጥኑን እስከ እግሩ የሚያለብስ። እኔም ለአቧራው ብዬ ከዳንቴሉ ሥር ላስቲክ ጨመርኩበት። ልጄ ስትመጣ ከፊት በኩል ትንሽ ገለጥ አድርጋ ትሠራለች። የእናቷን እጅ ሥራ ገፍፋ ማውለቅ ከብዷት ይሁን ምን ይሁን እኔ እንጃ።

አንድ እሁድ ከሰዓት እየጻፈች ሳለ ኮምፒውተሩ ጥፍት አለ። መብራት የሄደ መስሎን አምፖሉን አየን፤ በርቷል። መልሳ አበራችው፣ ትንሽ እንደሠራች አሁንም ጠፋ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ እዚህ ውስጥ ነው።»

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽውም?»

«ፍላሼ ተበላሸ። ዛሬ ነገ ስል ሌላ ሳልገዛ ቀረሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «የነገ ሳምንት፣ ሰኞ፣ ካላስረከብኩ ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ ነው።»

ተረኛ ስለነበረች አምሽታ መቆየት አልቻለችም። መናኸሪያ ስሸኛት «አደራ፣ እይልኝ» አለችኝ። ከተማው ውስጥ ወዳሉት ሱቆች እንዳልወስደው ደግሞ አስጠነቀቀችኝ፤ የሥራ ባልደረባዋን ኮምፒውተር አንዱ ሱቅ ሲጠግን ውስጡ የነበረውን ሁሉ አጥፍቶባት ነበር።

እኔ ምን አደረግሁ? አቧራ ገብቶበት ነው ብዬ ሌላ ላስቲክ ደረብኩለት። በማግስቱ ላየው ባበራው ከትናንቱም ፈጥኖ ጠፋ። ላስቲኩን ጠበቅ አድርጌ አስተካከልኩና እንደገና ሞከርኩ፤ ባሰበት። በሸፈንኩት ቁጥር ይብሳል። ይህን አስተውያለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባኝም። ቁጭ ብዬ ሳየው ዋልኩ።

ሄርማታ ገበያው አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን የድሮ ጓደኛ አለኝ። ቴፕ ሲቀር ሞባይል፣ ከዚያ ኮምፒውተር እያለ እጁን ያላመደ ሰው ነው። በነጋታው ጠዋት ሄጄ ቤት ድረስ እንዲመጣ ለመንኩት፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ሳሎን በር ላይ ሲደርስ ቆመና በሳቅ ፈረሰ።

«ቢስሚላህ! ይሄ ምንድን ነው? ሙሽራ አለች እንዴ እዚህ ቤት?»

«ለአቧራው ብዬ ነው» አልኩት።

ባለቤቴ ከጓዳ ሰማችው። «ሀጂ፣ ዳንቴሌን እንዳይነኩብኝ!»

«እትዬ፣ ዳንቴሉስ ያምራል ወላሂ። ግን አፍንጫው የት ጋ ነው? በየት ይተንፍስ?» አለና ወደ እኔ ዞሮ በኦሮምኛ ጠራኝ። «ኮቱ፣ ና እስቲ። አብራውና እጅህን ከኋላ በላስቲኩ ሥር ክተት።»

ከተትኩ። እጄ ገና ሲገባ አወቅሁት። ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ቡና ውስጥ እጅህን እስከ ክንድህ ስትሰድ የሚቀበልህ ሙቀት አለ፤ ሲነካህ ቡናው እየተበላሸ መሆኑን ትረዳለህ። ያ ሙቀት ነው። የእኛ የማድረቂያ አልጋ እኮ ከላይ ቢሸፈንም ከሥሩ ሽቦ ነው፣ ነፋስ ያልፋል። እኔ ለዚህኛው ከላይም ከታችም ዘግቼበታለሁ።

«ታፍኗል» አልኩ።

«ታፍኗል። ሲታፈን ደግሞ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ካንተ ይሻላል።»

ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለ። ውስጡ የቀረ መብራት ካለ ይውጣ ብሎ ማብሪያውን ተጭኖ ያዘው። ከዚያ ሣጥኑን በረንዳ ላይ አወጣነው፤ አቧራው ቤት ውስጥ እንዳይበተን። በካቻቢቴ የጎኑን ክዳን ፈታ። ውስጡን ከመንካቱ በፊት፣ ከሰውነት የሚወጣ ኤሌክትሪክ እንዳይጎዳው ብሎ እጁን የሣጥኑ ብረት ላይ አሳረፈ፣ እኔንም አስነካኝ።

ውስጡን ሳይ መነጽሬን ወልውዬ እንደገና አየሁ። አረንጓዴ ሳንቃ ላይ ጥቃቅን ነገር በመደዳ ተተክሏል፤ የቡና ችግኝ ጣቢያ ይመስላል። መሐሉ ላይ ያለችው ማራገቢያ ግን ቀይ ብርድ ልብስ ለብሳለች። ነካ አድርጌ አሸተትኩት፤ የቡና ገለባ አቧራ ነው።

«ልጄ የጻፈችው የቱ ጋ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መዳፍ የምታህል ብረት በጣቱ አሳየኝ። «እዚህች ውስጥ። ይቺን እንዳትነካካ፣ ልጅህ እዚህ ናት።»

እርጥብ ጨርቅ ላምጣ ብዬ ብነሳ እጄን ያዘኝ። «ውሃ? አንተ ሰውዬ፣ ቡና ልታጥብ ነው?» ደረቅ የቀለም ብሩሽ አወጣ። ማራገቢያዋ እንዳትሽከረከር በአንድ ጣቱ ይዞ ቀስ እያለ ጠረጋት። የብስክሌት ፖምፓ ለእኔ ሰጠኝና ራቅ ብለህ ንፋ አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ጠንከር ሳደርግ «ቀስ! ጎማ አይደለም!» ይላል። አቧራው በረንዳው ላይ ሲነሳ ሁለታችንም አስነጠሰን። እያንዳንዱን ነገር ይሄ ምን ይሠራል እያልኩ ጠየቅሁት፣ ሳይሰለች መለሰልኝ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ያለፈ ጠዋት ጥቂት ነው።

ገጥመን ስናበራው ግን መስታወቱ ጨለማ ነው። ሣጥኑ ጲጵ፣ ጲጵ እያለ ይጮሃል።

«ልጄን ጉድ ሠራኋት» አልኩ።

«አብሽር፣ ራኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም» አለኝ። ግንባሩ ላይ ግን ላብ ነበር። አጠፋው፣ ነቀለው፣ እንደገና ከፈተው፣ አጎንብሶ እያንዳንዱን አየው። ከዚያ ቀና አለና «እትዬ፣ ላጲስ አላችሁ?» አለ።

ተማሪ የሌለበት ቤት ላጲስ ከየት ይመጣል? ባለቤቴ ጨርቅ የምታሰምርበትን እርሳስ ከስፌት ዕቃዋ ፈልጋ ሰጠችው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ላጲስ ቀርታለታለች። ቀጭን ጠፍጣፋ ነገር ከሳንቃው መዝዞ አወጣ፤ ሚሞሪ ነው አለኝ። ስንነፋ ከቦታው ሳይነቃነቅ አልቀረም፣ ጫፉም ቆሽሿል። ቢጫውን ጠርዝ በላጲሱ ፈተገው፣ ፍርፋሪውን ጠረገ፣ ቀጭ እስኪል ተጭኖ መለሰው።

አበራን። አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸና መስታወቱ ፈካ።

ወዲያው ልጄን በስልክ አገኘኋት፤ ሥራ ላይ ነበረች። የቱን እንደምንከፍት ነገረችን፣ ጓደኛዬ ከፈተው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ አላነብም፣ እሱም የሚያውቀው የማሽን እንግሊዝኛ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ወደ ታች ሂዱ። ፎቶ አለበት?»

«አለበት። አጥር አለ፣ ሰማያዊ በር አለ፣ በሩ ላይ ሴቶች ልጅ ታቅፈው ቆመዋል። የእናንተ ጤና ጣቢያ አይደለም እንዴ?»

«እሱ ነው! አባዬ እሱ ነው!» ጩኸቷ ለባለቤቴም ተሰማ። ከኋላዋ ሌላ ነርስ ሎተሪ ደረሳት እንዴ ስትል ሰማሁ።

እስኪመሽ እንደበራ ተውነው። በየጊዜው እየሄድኩ እጄን ከኋላ አደርጋለሁ፤ ለስላሳ ነፋስ ይወጣል። ባለቤቴ ዳንቴሏን አጥፋ ክንዷ ላይ እንደያዘች «እንግዲህ ራቁቱን ሊቀር ነው?» አለች።

«ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ያልብሱት፣ ሲበራ ያውልቁት» አላት ጓደኛዬ። «ላስቲኩን ግን ለባልዎ ለዝናብ ይያዙለት ወላሂ።» እሷም ሳቀች።

ልጄ ዓርብ መጣች፣ አዲስ ፍላሽ ይዛ። ሁለት ቀን ጻፈች፣ አንድም ጊዜ አልጠፋባትም። እሁድ ማታ ስትጨርስ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጀመሪያው ላይ የረዱትን ሰዎች ማመስገን ወግ እንደሆነ ነገረችኝ። እኔንና እናቷን ጽፋለች። «ሌላ ማንን ልጨምር?» ስትለኝ አላመነታሁም፤ ጻፊ አልኳት፣ የሄርማታውን ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ጓደኛዬን።