ለቅሶ ያልደረሰች ሠራተኛ

አለቃዬ የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ፈርሚ» አሉኝ። አነበብኩት። ሰዓት ማክበር አምስት፣ የሥራ ጥራት ሁለት፣ ተባብሮ መሥራት አንድ። ከአምስት አንድ! ቡሬ ያለው የበቆሎ መጋዘን በኮንትራት ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አማካዩ ሦስት ከሞላ ቋሚ እሆናለሁ፤ ካልሞላ ጓዜን ጠቅልዬ ፍኖተ ሰላም፣ እናቴ ቤት።

«አልፈርምም» አልኩ። «ጥራት ሁለት ያሉኝ የትኛውን በቆሎ አይተው ነው?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። የቢሯቸው መስኮት የሚያየው በሩን ነው፤ ሚዛን ላይ ያሉትን ልጆች። እኔ የምሠራው ከኋላ፣ እርጥብ እህል የሚሰጣበት ነው። እዚያ መጥተው አያውቁም።

ጆንያ የሚሰፉት ሴትዮ ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንቺ ምላሰኛ! ነገሩ ጥራት መሰለሽ? እናታቸው የሞቱ ዕለት መጋዘኑ በሙሉ ተሳፍሮ ለቀብር ገበዝ ማርያም ሲወርድ አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«እሱን ነው የምልሽ!»

እዚሁ ነበርኩ፣ እውነት ነው። ልሳፈር ስል ዝናብ የመታው በቆሎ የጫነ መኪና ደረሰ። በጆንያው ቢያድር ይሻግታል። ዘበኛውን ለምኜ አብረን አወረድን፣ ሸራ ላይ ዘረጋን፣ እስኪመሽ አገላበጥን። ያየን ሰው የለም።

ሴትዮዋ ይህን ሲሉኝ ተናደድኩ። ለቅሶ በየትኛው ሕግ ነው በነጥብ የሚሰጠው? ግን ንዴቱ በረድ ሲል ሐፍረት መጣ። ከቀብሩ ወዲህ ሰባት ሳምንት አልፏል። ቤታቸው ከመጋዘኑ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልሄድኩም።

በማግስቱ ቢሯቸው ገባሁ። «ሁለት ጥፋት አለ» አልኩ። «አንዱ የኔ፣ አንዱ የእርስዎ።»

«አይ ድፍረት! እስኪ ካንቺ ጀምሪ።»

«እናትዎ ሲያርፉ አልመጣሁም። ቆይቼም እግዜር ያጥናዎ አላልኩም። ነውር ነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔስ?»

«እርስዎ ለቅሶውን ከበቆሎው ቀላቀሉት።»

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። «ሰው ሁሉ መጥቶ አንድ ሲጎድል የሚታየው ያ የጎደለው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አስቤ አይደለም። እጄ ጻፈው።» ተነሡ። «ነይ፣ አሳዪኝ።»

የቀብሩ ዕለት የሆነውን እየነገርኩ ከኋላ ወሰድኳቸው። እጃቸውን ጆንያው ውስጥ እስከ ክንዳቸው ከትተው ያን የዝናብ በቆሎ አወጡ፣ አሸተቱ፣ አንዷን ፍሬ ቀጭ አደረጓት። እርጥበት መለኪያውን አስመጡ። ዘበኛውን ጠርተው ብቻውን አነጋገሩት። ከዚያ ቅጹን ጆንያ ላይ ዘርግተው ቁጥሮቹን ሰረዙ። ጥራት አምስት፣ ተባብሮ መሥራት ሦስት።

«ለምን ሦስት?» አልኩ፤ አፌ መች ያርፋል።

«ዘበኛውን ቀኑን ሙሉ ሸክም አሸክመሽ ምሳ ብላ አላልሽውም? ራሱ ነው የነገረኝ።»

ዘበኛው በር ላይ አንገቱን ደፋ። ስለ ምሳው ልክ ናቸው፤ ረስቼዋለሁ።

አሁን የተቆጠረብኝ ጥፋት ቢያንስ የሥራ ነው፣ የለቅሶ አይደለም። እዚያው ጆንያው ላይ ፈረምኩ። እሁድ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቤታቸው ሄድኩ። ሰኞ የገባሁት እንደ ቋሚ ሠራተኛ ነው።